ዓባይ የዞረው አገር፦ የጎጃም ሐይቆች፣ ፏፏቴዎችና ተራሮች

ጎጃም የጨው ውሃ አያውቅም፤ ትልቁ ከተማው ግን ባሕር ዳር ይባላል። በቆየው አማርኛ ሰፊ ውሃ ሁሉ ባሕር ነውና ስሙ ጣናን ማለቱ ነው። ዓባይ ደግሞ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ከዞረ በኋላ ነው ወደ ሱዳን የሚወርደው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ካርታ ላይ በዓይን ይታያል። መንገደኛ ጎጃም ውስጥ ሄዶ የሚያየው ነገር አብዛኛው በዚህ ውሃ ዙሪያ ያለ ነው። ችግሩም ከዚያው ይመጣል፤ ውሃው ሲሞላ መንገዱ ይጨቀያል፣ መንገዱ ሲደርቅ ውሃው ይመነምናል። ሁለቱ የሚታረቁት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ፣ ጤፉም ገና ሳይታጨድ ይገኛል።

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ሐይቁን ማየት ቀላል ነው፤ በዳርቻው ዘንባባ ሥር ተቀምጦ ቡና እየጠጡ፣ ወይም የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ በአዋዜ እየበሉ። ቀረብ ብሎ መታየት ያለበት ግን ታንኳው ነው። ከደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ ሁለት ሰውና ጥቂት ዕቃ የሚችል ጀልባ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። እንዲህም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ስለሆነ አሮጌው ሳይበሰብስ አዲሱ ይታሰራል።

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ሲኬድ ዘጌ ይደረሳል። ዘጌ በየብስም ይገባል፤ ልሳነ ምድር እንጂ ደሴት አይደለም። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው ደግሞ ቡና ነው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በግዝት ነው። ዘጌ ላይ መሬት በበሬ አይታረስም፣ ቀንድ ከብትም አይረባም፤ ትውፊቱ ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር ያያይዘዋል። ከገዳማቱ መካከል ብዙ ሰው የሚሄድበት ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፣ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባበታል፤ ባልና ሚስት ለጉብኝት የወጡ እንደሆነ ይህን ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል። ጉዞው በጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ጉማሬ ይታያል፤ ጀልባ ነጂዎቹ እዚያ ሲደርሱ ሞተሩን ይቀንሳሉ።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጢስ ዓባይ ይገኛል። ስለ ፏፏቴው እውነቱን መናገር ይሻላል። ውሃው ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወረወራል፤ ሲሞላ የአለቱን ግንብ ከዳር እስከ ዳር ያለብሰዋል፣ ጢሱም ከሩቅ ይታያል፣ ቆሞ የሚያየውንም ልብሱን ያረጥበዋል። ይህ ግን የክረምትና የጥቢ ጢስ ዓባይ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ባሕር ዳር አጠገብ በጨራ ጨራ ግድብ ይመጠናል፣ ከፏፏቴው በላይ ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ላይ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። በሚያዝያ የሄደ ሰው ጥቁር አለትና ጥቂት የውሃ ክር አይቶ ሊመለስ ይችላል። ያም ሆኖ መንገዱ ራሱ የሚያስከፋ አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ በዚያው የእግር መንገድ ላይ ነው።

የዓባይ ምንጭ ሰከላ ነው፤ ግሽ ዓባይ። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ያዩት ይህንኑ ምንጭ ነው። ለዓይን ትንሽ ነው። ብዙ ሰው «ይኼ ነው?» ይላል። ለምእመኑ ግን ከአቡነ ዘርአ ብሩክ ስም ጋር የተያያዘ ጠበል ነው፤ የሚጠመቀውና የሚጠጣው ሳይበላ ሄዶ ነው። ከዚህ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፤ ሐይቁን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል የሚል እምነትም አለ።

በአዊ በኩል ከእንጅባራ ወጣ ሲባል ዘንገና አለ፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የተኛ፣ ክብ፣ ጥልቅና ጸጥ ያለ ሐይቅ። ከዋናው መንገድ ብዙ ስለማይርቅ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም እንኳ ደርሶ መመለስ የሚችል አለ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው አረንጓዴ ደን ተፈጥሯዊ የሚመስለው ብዙ ነው፤ በተለይ በፋግታ ለኮማ በኩል ያለው ግን ገበሬው ለከሰል ብሎ ያለማው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ነው። ጥር 23 እንጅባራ የደረሰ ደግሞ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያያል።

የጮቄ ተራራ የሚታየው ለመንገድ ለጨከነ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ይወጣል። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ይበቅልበታል፤ ጨሞጋን ጨምሮ በርካታ የዓባይ ገባሮች ከዚህ ይነሳሉ። ጋቢ ሳይዙ መውጣት ድፍረት ነው። ገብሱና ድንቹ ወደ ላይ እየወጣ ጓሳውን ገፍቶታል፤ ጅብራ ለማየት ዛሬ ከፍ ማለት ይጠይቃል።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ጎጃም የሚጀምረው ከዓባይ በረሃ ነው፤ ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ግን የወቅቱ ግዴታ ነው። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በጠመዝማዛ ተወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። የከባድ መኪኖቹ ፍሬን ይሸታል። ቁልቁለቱ ላይ ተሳፋሪው በየተራ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ድልድዩ ጋ መስኮት ሁሉ ይከፈታል፤ ደጀን ሲደርሱ ጋቢው ተመልሶ ትከሻ ላይ ይወጣል።