ድርብርብ ድንጋይ ሁሉ የባሕር አይደለም

ጢስ ዓባይ በሄድኩ ቁጥር አንድ ሰው ገደሉን ያይና «ተደራርቦ የለ? ይሄ ሁሉ ድሮ ባሕር ነበር» ይላል። ጂኦሎጂ ስለማስተምር ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ያ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ቅልጥ ዓለት ይፈስሳል፣ ይቀዘቅዛል፤ ቆይቶ ሌላው ይደርብበታል፣ እንጀራ መሶብ ላይ እንደሚደራረበው። ባሕር አያስፈልገውም። ጣናን ራሱን ከደቡብ በኩል የገደበው እንዲህ ያለ ፍሰት ነው። አንዱን ፍሰት ከሌላው ለመለየት አናቱን እዩ፤ ጋዝ ሲያመልጥ የተዋቸው ቀዳዳዎች እዚያ ይበዛሉ። በሁለቱ መሃል ቀይ አፈር ካገኛችሁ ደግሞ፣ ቀጣዩ ፍሰት እስኪመጣ መሬቱ ደረቅ ሆኖ አፈር ለብሶ ከርሟል ማለት ነው። ባሕር ቢሆን ያ አፈር ከየት ይመጣል?

አንድ ተማሪዬ ከደብረ ታቦር መንገድ ዳር ነጫጭ ክብ ነገር ያለበት ድንጋይ ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ዛጎል አገኘሁ! ሎሚ ጠብ ሳደርግበት አረፋ አወጣ።» አረፋው እውነት ነው። ሰብረን በማጉያ ስናየው ግን ነጩ ነገር የድሮ ጋዝ ቀዳዳ ውስጥ የሞላ ካልሳይት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን። የዛጎል መስመር የለው፣ ጥምዝ የለው። ካልሳይት የትም ይገኝ የት አሲድ ሲነካው ያረፋል። አረፋ ብቻውን ለባሕር አይመሰክርም፤ ቅርጹን ሳታዩ አትፍረዱ።

«እንግዲያው ባሕር አልነበረም» የሚሉም አሉ። እሱም ስህተት ነው። በጁራሲክ ዘመን ባሕር ገብቶ ነበር። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ስትወርዱ የኖራ ድንጋዩ ከነባሕር ቅሪተ አካሉ ተገልጦ ይታያል። ከላይ የተጫነው ባዛልት ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ በሁለቱ ዕድሜ መካከል ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ። እዚያ ባሕሩና ባዛልቱ አልተያዩም።

«ደለል ካለ ባሕር ነበር»? ጭልጋ ሂዱ። የድንጋይ ከሰልና የጥንት ዝሆን ዘመዶች አጥንት የተገኘበት ደለል አለ፣ የወንዝና የረግረግ።

«ታች ያለው ሁልጊዜ ያረጀ ነው»? ብዙ ጊዜ አዎ። ግን በደለል መሃል ጥቁር ንጣፍ ካያችሁ ንጣፉና ደለሉ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ጎንበስ በሉ። በቅልጡ ሙቀት የተጠበሰው የታችኛው ደለል ብቻ ከሆነ፣ ቅልጡ በላዩ ፈስሶ ቀዝቅዟል። የላይኛውም ከተጠበሰ ግን ቅልጡ ዘግይቶ በመሃል ሰርጎ የገባ ነው፤ ከላዩ ካለው ደለል ያንሳል በዕድሜ።