የውጭ አገር የአካባቢ ጥበቃ በጎ ፈቃደኝነት ምንድን ነው?

አንድ ሰው ከአገሩ ወጥቶ፣ ያለ ደመወዝ፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት በደን፣ በባሕር ዳርቻ ወይም በብሔራዊ ፓርክ የጥበቃ ሥራ ላይ ሲሰማራ የውጭ አገር የአካባቢ ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ ይባላል። በጎ ፈቃድ ሲባል በእኛ ዘንድ ፈጥኖ ትዝ የሚለው በክረምት ችግኝ የሚተክለውና የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሰው ወጣት ነው፤ ዕድሜው ገፋ ላለ አንባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አስተማሪዎች። እዚህ ላይ ግን ለሰሚው ግር የሚል አንድ ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ የሚከፍለው ሠራተኛው ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የተቋቋመው ኧርዝዎች ይህን አሠራር ካስለመዱት ድርጅቶች አንዱ ነው። ተሳታፊው የሚሰማራበትን ሳይንሳዊ ጥናት ወጪ በከፊል ይሸፍናል፤ በምትኩም ከተመራማሪው ጎን ሆኖ ይለካል፣ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል። ተመራማሪው ደመወዝ ከፍሎ ሊያሠራው የማይችለውን የሰው ኃይል የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ለማየት በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ጠረፍ ያለችው ቶርቱጌሮ ጥሩ ምሳሌ ናት። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ አርቺ ካር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎችን በብረት መለያ ምልክት ማድረግ የጀመረው በዚህ ዳርቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራውን የሚደግፍ ማኅበር ተቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ስፍራው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በእንቁላል መጣያው ወቅት በጎ ፈቃደኞች ሲመሽ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ብርሃን ሳያበሩ፣ በአሸዋው ላይ ለሰዓታት ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ኤሊዋ ከባሕር ስትወጣ የምትተወውን ሰፊ ፈለግ ነው። ፈለጉ ሲገኝም ወዲያው አይቀርቧትም፤ ጉድጓዷን ቆፍራ ሳትጨርስ ብርሃን ወይም እንቅስቃሴ ካየች ሳትጥል ወደ ውኃው ልትመለስ ትችላለች። መጣል ስትጀምር ግን በቀላሉ የማትረበሽ ስለምትሆን፣ አንዱ ከኋላዋ አሸዋው ላይ በሆዱ ተኝቶ እንቁላሎቹ ሲወድቁ በእጅ ቆጣሪ ይቆጥራል፤ በአማካይ ከ100 በላይ ናቸው። ከዚያም የድንጋይ ልብሷ በሜትር ይለካል፣ የፊት መቅዘፊያዎቿ መለያ እንዳላቸው ይታያል፣ ከሌላቸው አዲስ ይደረግላቸዋል፣ ሁሉም በቀይ መብራት ሥር በቅጽ ላይ ይሰፍራል። ዝናብ ይዘንባል፣ ትንኝ ይናከሳል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ አንዲት ኤሊ እንኳ ሳትታይ ይነጋል።

የዚህ ሁሉ ጥቅም የሚገባው ዘግይቶ ነው። እንስቷ ኤሊ ወደ ዳርቻዋ የምትመለሰው በአብዛኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኛው ግን የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። ስለዚህ የእርሱ ድርሻ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው በጀመረውና ከእርሱ በኋላ የሚመጣው በሚቀጥለው መዝገብ ላይ አንድ መስመር በትክክል መጻፍ ነው። ከቶርቱጌሮ ኤሊዎች ብዙዎቹ ምግባቸውን የሚያገኙት በኒካራጓ ጠረፍ መሆኑ የታወቀው፣ በዚያ ኤሊን ለሥጋ የሚያጠምዱ ሰዎች የያዟቸውን ኤሊዎች መለያ መልሰው ስለላኩ ነው፤ ለመላሹ ወሮታ ይከፈል ነበርና።

በሌላ በኩል በዚሁ ስም የሚነገድ ሥራ መኖሩ መካድ የለበትም። በደቡብ አፍሪካ የአንበሳ ግልገሎችን በጡጦ ለማጥባት ከሩቅ አገር ከፍለው የሚመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ግልገሎቹ እናት የሞተችባቸውና ወደ ዱር የሚመለሱ እንደሆኑ ይነገራቸው ነበር። በእውነቱ ግን ከእናታቸው የተነጠሉት ለንግድ ነበር፤ ሲያድጉም ከእነርሱ መካከል በአጥር ውስጥ ለአዳኝ የሚቀርቡ ነበሩ። የአገሪቱ መንግሥት በግዞት የሚካሄደውን የአንበሳ እርባታ ለማስቀረት መወሰኑን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በእኔ ግምት እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚሻለው መለኪያ፣ እንስሳውን ለማቀፍ የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነው፤ የዱር እንስሳን ወደ ዱሩ ለመመለስ የሚያስብ ድርጅት ከሰው እጅ ያርቀዋል እንጂ አያላምደውም። ቀጥሎ የሚጠየቀው ገንዘቡ የት እንደሚገባ፣ ከአካባቢው ተወላጆች በደመወዝ የተቀጠሩ መኖራቸውና ፈረንጁ ሲሄድ ሥራው መቀጠል አለመቀጠሉ ነው።

የመግቢያ ፈቃድም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደመወዝ አለመኖሩ ብቻውን በጎብኚ ቪዛ ለመሥራት አያበቃም፤ ለምሳሌ በብሪታንያ ጎብኚ በጎ ፈቃድ መስጠት የሚችለው ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ያውም ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው። ክፍያው ለሚከብደው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ የኅብረቱ የወጣቶች በጎ ፈቃድ መርሐ ግብር በሆነው በአውሮፓ የትብብር ጓድ (European Solidarity Corps) በኩል የጉዞ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪያቸው ተሸፍኖላቸው በሌላ አገር እስከ 12 ወር ማገልገል ይችላሉ፤ ከሥራ መስኮቹ አንዱም አካባቢ ጥበቃ ነው።