አናቶሚ ከፒሲ ዋን እስከ ኢንተርንሺፕ

የቆየው አካሄድ ቀላል ነው። የሕክምና ተማሪ አናቶሚን፣ ማለትም የሰውነት አወቃቀር ትምህርትን፣ ታካሚ ከማየቱ በፊት ባሉት ፕሪክሊኒካል ዓመታት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ዓመት ፒሲ ዋን ይባላል። አስከሬን ላይ ዲሴክሽን ይሠራል፣ እየከፈተ ያጠናል፤ የአጥንቱን፣ የጡንቻውንና የነርቩን ስም ይሸመድዳል፤ ተፈትኖ ይገላገላል። የመጀመሪያው ክሊኒካል ዓመት፣ ሲ ዋን፣ ደርሶ ታካሚዎች የሚተኙበት ዋርድ ሲገባ ብዙው ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። አናቶሚን በሁሉም ዓመታት ማስተማር ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይንስ፣ ሁለት ዓመት ሆስፒታል የሚለው አከፋፈል በአሜሪካ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1910 ከወጣው፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ከገመገመው የአብርሃም ፍሌክስነር ሪፖርት በኋላ ነው። በ1952 ክሊቭላንድ ያለው ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በዲፓርትመንት ሳይሆን በሰውነት ሥርዓቶች አደራጀ። የልብ አናቶሚ፣ የልብ ፊዚዮሎጂና የልብ በሽታ አብረው መሰጠት ጀመሩ። በ1969 ደግሞ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ከታካሚ ችግር ተነስቶ ማስተማርን አመጣ። በእኛ አገር ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ትምህርቶችን በአንድ ርዕስ ሥር አጣምሮ በሚሰጥ የተቀናጀ የሞጁል ሥርዓት ይታወቃል።

ቅንጅቱ ሁለት አቅጣጫ አለው። አንዱ ጎን ለጎን ነው፦ በአንድ ዓመት ያሉ ትምህርቶች ይገናኛሉ። ሌላው ከታች ወደ ላይ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት የታየው ነገር በኋለኞቹ ዓመታት ጠለቅ ብሎ ይመለሳል። ከባዱ ሁለተኛው ነው።

እንቅርትን እንውሰድ። ፒሲ ዋን ላይ ተማሪዋ ከታይሮይድ እጢ ጀርባ፣ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል የሚያልፈውን፣ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰውን ሪከረንት ላሪንጂያል ነርቭ ታያለች። ሰርጀሪ ስትገባ የእንቅርት ኦፕሬሽን ላይ ሐኪሙ ይህንኑ ነርቭ ሲፈልግ ታገኘዋለች፤ ከተነካ የታካሚው ድምፅ ይሻክራል፣ የሁለቱም ወገን ከተጎዳ መተንፈስም ያስቸግራል። ኢንተርናል ሜዲሲን (የውስጥ ደዌ) ላይ ደግሞ ድምፁ የሻከረ አጫሽ ይመጣል። የግራው ነርቭ ደረት ውስጥ ወርዶ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር፣ አኦርታን፣ ዞሮ ስለሚመለስ የሳንባ ካንሰር ሊጫነው ይችላል። እንዲህ ሦስት ጊዜ የተገናኙት ነርቭ በቀላሉ አይረሳም።

ችግሩ ክሊኒካል ዓመታት ላይ አናቶሚ ባለቤት የለውም። የአናቶሚ መምህሩ ዋርድ አይገባም፤ ሰርጀኑ ታካሚዎችን እየዞረ በሚያይበት ራውንድ ላይ ሁለት ጥያቄ ጣል አድርጎ ያልፋል። ፈተና ላይ ካልመጣ ደግሞ ማን ያጠናዋል? ሞጁል ሲመጣ የዲሴክሽን ሰዓት መቀነሱም ሌላው ቅሬታ ነው፤ እኔም ቅሬታው እውነት አለው እላለሁ። ቅንጅት ሰዓት ለመቁረጥ ሰበብ መሆን አልነበረበትም።

የሚሠሩ መንገዶች አሉ። አልትራሳውንድ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ጉበትንና ኩላሊትን ያሳያል፤ ሲቲ ስካን የአካል ክፍሎችን አቀማመጥ በቁራጭ በቁራጭ ያስነብባል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ወደ ዲሴክሽን ክፍል ይመልሳሉ። ሰርጀሪ የሚያስብ አንገትን ወይም ብሽሽትን፣ ኦርቶፔዲክስ የሚያስብ ትከሻን መርጦ ይከፍታል። ለዚህ ግን በቂ አስከሬን ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በብዙ ቦታ ለጀማሪዎቹም አይበቃም።