ፖስትዶክ ምንድን ነው?

«ዶክተር ሆነ ብለን ደገስን፤ አሁን ደግሞ ምን ቀረው?» አሉኝ ጎረቤታችን፣ ቡና እየቆሉ። ልጃቸው በሞለኪውላር ባዮሎጂ ሦስተኛ ዲግሪውን ይዞ «ፖስትዶክ አገኘሁ» ብሎ ደውሎላቸዋል። እዚህ አገር ዶክትሬት የያዘ ሰው በቀጥታ ረዳት ፕሮፌሰር ተብሎ ስለሚቀጠር ቃሉ ቢያደናግራቸው አይፈረድባቸውም።

ፖስትዶክ፣ ማለትም ድኅረ ዶክትሬት፣ ዲግሪ አይደለም። ፈተናም ምረቃም የለውም። ዶክትሬቱን የጨረሰ ተመራማሪ የራሱን ቤተ ሙከራ ከመክፈቱ በፊት በሌላ ሳይንቲስት ቤተ ሙከራ በኮንትራት የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት። ደመወዝ አለው፤ «ሥልጠና» ስለሚባል ግን ክፍያው ከልፋቱ ጋር አይመጣጠንም (ለእኔ ስሙ ራሱ ማመካኛ ይመስለኛል)።

«ሐረር ያለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግርን ያስቡት እማማ» አልኳቸው። ያ መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። እዚያ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ አሳምሮ የሚሰፋ፣ መኪናው ግን የራሱ ያልሆነ ልጅ አይጠፋም። ፖስትዶክ እሱ ነው። ጎበዙ በሰው መኪና እየሰፋ የራሱን ዲዛይን ያወጣል፤ ኋላ ይዞት የሚወጣውም እሱን ነው።

የቡናው ጭስ ሲዞር አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሊንዳ ባክ ትዝ አለችኝ። ዶክትሬቷን የሠራችው ሰውነት በሽታን በሚከላከልበት ሥርዓት ላይ ነበር። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ አክስል ዘንድ ፖስትዶክ ሆና ነው አፍንጫ ይህን ሁሉ ሽታ እንዴት ይለያል በሚለው ጥያቄ የተያዘችው። ከአይጥ አፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ላይ፣ ፒሲአር በሚባለው ጂን ማባዣ ዘዴ፣ ሽታ ተቀባይ ጂኖችን ስታድን ዓመታት አለፉ። ውጤቱን ከአክስል ጋር ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1991፣ 44 ዓመቷ ላይ ነው። በ2004 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ እንደሚታወቀው አይጥ 1,000 ያህል፣ ሰው ደግሞ 400 ያህል የሚሠሩ ተቀባዮች አሉት። ከምጣዱ የሚነሱት በመቶ የሚቆጠሩ ተናኝ ኬሚካሎች የተለያዩ ተቀባዮችን ይነካሉ፤ አንጎል ድምሩን አንብቦ «ቡና» ይላል።

እማማ ምጣዱን አውርደው «ታዲያ ለልጄ መኪናውን ማን ይገዛለታል?» አሉኝ።

ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ መነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል። ችግሩ፣ የፕሮፌሰርነት ወንበሩ ከፖስትዶኮቹ ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው፤ ብዙዎቹም መድኃኒት ፋብሪካ ይገባሉ።