በጎጃም ተሽከርካሪን በጂፒኤስ መከታተል

የጂፒኤስ ክትትል መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ያለበትን ቦታ በሳተላይት ምልክት ለይቶ በሞባይል ኔትወርክ ለባለንብረቱ የሚያሳውቅ፣ ንብረትን ከስርቆት መጠበቂያና የተሰረቀውንም መፈለጊያ ዘዴ ነው። ጎጃምን ዓባይ በሦስት ማዕዘን የከበበው በመሆኑ ዘዴው በዚህ ምድር የራሱ ጠባይ አለው።

በቀድሞው ዘመን የተሰረቀ ከብት በዱካው ይፈለግ፣ ሌባው ሲሰወርም የአካባቢው ሰው ለአውጫጭኝ፣ ማለትም ሌባውን አጣርቶ ለማውጣት፣ ይሰበሰብ ነበር። መኪና ከገባ በኋላ ፍለጋው በታርጋ፣ በሻንሲና በሞተር ቁጥር ላይ ተመሠረተ።

ጂፒኤስ የአሜሪካ ሥርዓት ሲሆን የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ24 ሳተላይቶች ሙሉ ሥራ መጀመሩ በ1995 ታወጀ፤ በሲቪል ተጠቃሚዎች ምልክት ላይ ሆን ተብሎ ይደረግ የነበረው ማዛባት በ2000 ሲነሣ፣ በመቶ ሜትር ገደማ ይሳሳት የነበረው መለኪያ ወደ ጥቂት ሜትሮች ወረደ። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር በላይ ይዞራሉ፤ ተቀባዩ መሣሪያም ቦታውን ለማስላት ቢያንስ የአራቱን ምልክት ማግኘት አለበት። ብዙ ሰው መሣሪያው ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት አይልክም፤ ለባለንብረቱ መልእክት የሚያደርሰው በውስጡ ያለው ሲም ካርድ ነው። ስለዚህ የሲሙ ሒሳብ ካለቀ ወይም ኔትወርክ ከሌለ፣ ቦታው በትክክል ቢታወቅም ለማንም አይደርስም።

ይህ በግልጽ የሚታየው በዓባይ በረሃ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል መንገዱ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ ገደሉ ሰማዩን ያጠብበዋል፣ የስልክ ምልክትም ይደክማል። ጥሩ መሣሪያ በዚህ ጊዜ ያለፈበትን መንገድ በማኅደሩ ይዞ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። በሌላ በኩል ይኸው ወንዝ ለጎጃም ታላቅ ውለታ ይውላል፦ ከደጀን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄደውም በዚያ መንገድ ያለውን ድልድይ መሻገሩ አይቀርም። ባለንብረቱ በክትትሉ ካርታ ላይ በድልድዮቹ መዳረሻ ምናባዊ ወሰን ካበጀ፣ መኪናው ወሰኑን ሲያልፍ ስልኩ ይጮኻል። ወደ መተከል የሚወጣው መንገድ ግን ዓባይን ስለማይሻገር ይህ ጥቅም የለውም።

መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከክሩስኮት (ከሾፌሩ ፊት ካለው ሰሌዳ) ሥር ይደበቃል፤ ሽቦው ቢቆረጥም የራሱ ትንሽ ባትሪ ለተወሰነ ጊዜ ያሠራዋል። ሞተርን ከሩቅ ማጥፋትም ይቻላል። ይህ ግን ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ አይደለም፤ በዓባይ ቁልቁለት ላይ የጠፋ ሞተር የመሪውንና የፍሬኑን እገዛ ያሳጣል፣ በከባድ መኪና ላይም ፍሬን የሚይዝበትን አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ይቆማል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ መሣሪያዎች ትእዛዙን የሚፈጽሙት ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ ብቻ ነው፤ ሊመረጡ የሚገባቸውም እነዚህ ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ክትትል ከንቱ ሆኖ ነበር። የስልክ መስመሩ ባለበት ቦታ ግን በአጭር መልእክት የሚጠየቅ መሣሪያ ቦታውን ሊመልስ ይችላል።

ባለንብረቱ ሁልጊዜ መከታተሉ በአሽከርካሪው ነፃነት ላይ ጫና ያሳድራል የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው ምናልባት በሥራ ውል የሚፈታ ይሆናል። የተሰረቀ መኪና ቦታ ሲታወቅ ባለንብረቱ ብቻውን ሄዶ ከመጋፈጥ ይልቅ ሊብሬውንና የመጨረሻውን የቦታ መረጃ ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ይኖርበታል።