ልጆችና የትምህርት ቤት ጓሮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኦርጋኒክ ማለት ዘርቶ ውሃ ማጠጣት ብቻ ነው።»
ኦርጋኒክ ጓሮ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ የሚለማ ነው። አፈሩ ይህን ማዳበሪያ ካላገኘ በሌላ መንገድ መመገብ አለበት፤ ለዚህ ኮምፖስት፣ ማለትም ከበሰበሰ ቅጠል፣ ልጣጭና ፍግ የሚሠራ ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ጭድና ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ እርጥብ ሣርና የአትክልት ልጣጭ፣ ከዚያ ስስ ፍግና አፈር እየተደራረበ 1 ሜትር ከፍታ ይድረስ። መሃሉ ላይ ረጅም ዱላ ይተከል። በሳምንቱ ልጆቹ ዱላውን ነቅለው ይዳስሱት። ሞቆ ከረጠበ ክምሩ እየበሰለ ነው። ከደረቀ ውሃ አንሶታል። በጣም ርሶ የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷልና ጭድ ጨምሮ ማገላበጥ ነው።

«ፍግ ትኩሱ ይሻላል።»
ትኩስ ፍግ የችግኝ ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርና በሽታም ይዞ ይመጣል። ጥሬያቸውን ለሚበሉት ሰላጣና ካሮት ፍጉ መሬት ከገባ እስኪሰበሰቡ ቢያንስ 120 ቀን ማለፍ አለበት። ፍጉን አዋቂ ይያዘው፤ ልጆች የበሰለውን ኮምፖስት ይንኩ፣ ከዚያም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

«ምርምር ላቦራቶሪ ይፈልጋል።»
ዘጠኝ የተቆረጡ የውሃ ፕላስቲኮች ይበቃሉ። ታችኛው ክፍላቸው ይበሳ። በሦስቱ አፈር ብቻ፣ በሦስቱ ሦስት እጅ አፈርና አንድ እጅ ኮምፖስት፣ በቀሩት እኩል በእኩል ይሞላ። በእያንዳንዱ ሁለት የቦሎቄ ፍሬ 3 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይዘራና ሲበቅሉ አንዱ ይነቀል። ውሃውም ብርሃኑም ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ሁለት ነገር አንዴ ከተቀየረ ልዩነቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ብዙ ክፍሎች የሚሳሳቱት ለእያንዳንዱ ድብልቅ አንድ ዕቃ ብቻ በማዘጋጀት ነው። አንዱ ቢደርቅ ጥፋቱ የዘሩ ይሁን የአፈሩ መለየት አይቻልም። ቁመቱ ሰኞና ሐሙስ በማስመሪያ ተለክቶ ይጻፍ።

ዘሩም አስቀድሞ ይፈተን፦ 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሳምንቱ ስንቱ እንዳቆጠቆጠ ይቆጠር። አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ዘር ይፈለግ።

«ቤት የተሠራ የተባይ መድኃኒት አይጎዳም።»
የቃሪያና የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ የልጅ ዓይን ያቃጥላል፤ ሳሙና ሲታከልበት ደግሞ ክሽክሽን (የቅጠል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮችን) የምትበላዋን ባለ ነጠብጣብ ቀይ ጢንዚዛም ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ የጎመኑን ቅጠል ገልብጦ ማየት፣ ክሽክሽ ካለ በውሃ ማጠብ ይሻላል።

«ችግኙ ከሞተ ሙከራው ከሸፈ።»
የሞተውም ይመዘገባል። ነቅሎ ሥሩን ማየት ነው፦ ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፤ ግንዱ ከአፈሩ ጥግ ከተቆረጠ ቆራጭ ትል አለና ዙሪያውን በጣት ቆፍሮ መልቀም ያስፈልጋል።