ጥቃት የደረሰባት ሴት ጥናት ላይ ለመሳተፍ ፈርማለች ማለት ከዓመታት በኋላ ድጋሚ ይደወልላት ማለት ነው?

አይደለም። ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ መስማማቷና ከዓመታት በኋላ እንድትፈለግ መፍቀዷ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ፈቃድ ራሱን ችሎ ይጠየቃል፤ በየትኛው ስልክ? በስንት ሰዓት? ሌላ ሰው ቢያነሳስ ምን ይባል?

እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው። በዓመታት ውስጥ የሰው ኑሮ ይለወጣል፤ ከአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሰፈር እንኳ ስንቱ ሰው በመልሶ ማልማት ተነስቷል! በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የሰጠችው ስልክ ቁጥር ዛሬ በባሏ እጅ ሊሆን ይችላል። «ስለ ደረሰብሽ ጥቃት ነበር» የሚል አንድ መልእክት ዱላ ሊያስከትልባት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም የተሳታፊዋ ደህንነት ከሁሉም ይቀድማል ይላል። ስለዚህ ደዋዩ ስልኩን ያነሳችው እሷ መሆኗን ሳያረጋግጥ ስለ ጥቃት ትንፍሽ አይልም።

ካልመለሰችስ? ዝምታዋ እሺታ አይደለም። ጎረቤት እየጠየቁ ማፈላለግ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። እምቢ ብትልም ሕክምናዋም ሆነ የሕግ ድጋፏ አይቋረጥባትም።